ወንድሜ «ለጥናት ነው» ብሎ ጫት ጀምሯል፤ ፈተናው ደግሞ ደርሷል

የማራኪዋ እህት

ሰላም ለሁላችሁ፤ ከጎንደር ማራኪ ሰፈር ነኝ። የጎንደር ልጆችም ወላጆችም እዚህ ስላላችሁ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። ጎበዝ ልጅ ነው። ከታች ክፍል ጀምሮ ደረጃ ሲያወጣ ነው የኖረው። ከጥምቀት በኋላ ግን ተለወጠብኝ። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አያጠፋም። ጠዋት ቁርስ አይቀምስም። ቀን ቀን ይነጫነጫል፣ ሰው ሲያናግረው አይወድም። እናታችን «ልጄ በጥናት ከሳብኝ» ብላ አጥሚት ታፈላለታለች።

ባለፈው ሳምንት አንሶላውን ልቀይር ስገባ ከፍራሹ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የጫት ገረባ አገኘሁ። አጠገቡ ግማሹ ያለቀ የካፕሱል ማሸጊያ አለ። ሳነበው ትራማዶል ይላል።

ጠየቅኩት። አልዋሸኝም። «ክፍል ውስጥ ያለነው ሁሉ እንቅማለን፤ ለጥናት ነው። ክኒኑ ራሴን ሲያመኝ ነው፣ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «ሃምሳ ካላመጣሁ እኮ አባዬ ሰው ፊት አይቆምም። ገና ካሁኑ ዶክተር እያለ ነው የሚጠራኝ» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አባታችን አልሰማም። ቢሰማ ቤቱ እንደሚናወጥ አውቃለሁ። ብጮህበት ይደብቀኛል፣ ዝም ብል ይለምድበታል። ሙያው ያላችሁ፣ ወይም በቤታችሁ የገጠማችሁ፣ ምን ትሉኛላችሁ? እሱን መስደብ ግን እባካችሁ ይቅር።

አባ ወራ ከአዘዞ

እህቴ፣ ለአባትሽ ዛሬውኑ ንገሪው። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የተባለው ለዚህ ነው። ስልኩ ይነጠቅ፣ የኪስ ገንዘቡ ይቁም፣ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት ይግባ። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ማታ 12 ሰዓት ካለፈ ውጭ የሚገኝ የለም። ልጅን ማባበል ለልጁም አይበጅም።

ኬሚስትሪ አስተማሪ

«ክፍል ውስጥ ያለነው ሁሉ» ያለው የተጋነነ ነው። ግን ከመሬት ተነስቶ አላለውም። ሰኞ የመጀመሪያው ፔሬድ ላይ ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፉትን ሳይ ቅዳሜና እሑድ የት እንደዋሉ ይገባኛል። ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ሰነፍ የሚባሉት ጥቂት ናቸው። የሚብሰው ጎበዞቹ ላይ ነው፤ ብዙ የሚጠበቀው ከእነሱ ነውና።

ለወንድምሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንደሚሰጥ ያውቃል። በር ላይ ተፈትሾ ይገባል። ስልክ የለም፣ ጫት የለም፣ እስኪጨርስ ድረስ መውጣትም የለም። ወራቱን ሙሉ በጫት ነቅቶ ማንበብ የለመደ ልጅ ልክ በዚያች ሳምንት ይቋረጥበታል። ድብታው፣ እንቅልፉ፣ ንጭንጩ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ ሁሉ የሚመጣው የፊዚክስ ወረቀት ፊቱ ተቀምጦ ነው። ሌሊት የለፋበትን ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ያጣዋል።

ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ደንግጠው ያዳምጡኛል። «ሱስ መጥፎ ነው» ስላቸው የማይሰሙኝ ልጆች «ፈተናውን ትወድቅበታለህ» ስላቸው ወረቀት አውጥተው ፕሮግራም ያወጣሉ።

ሦስተኛ ዓመት

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ጎንደር ግቢ ነኝ። ከወንድምሽ የምበልጠው በትንሽ ዓመት ስለሆነ እኔ የማየውን ልንገርሽ። 12ኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ ነገሩን እዚያው ትቶት አይመጣም፤ ይዞት ነው ግቢ የሚገባው።

ፍሬሽ ስንገባ ከኔ ዶርም አንድ ልጅ ነበር። ከገጠር ነው የመጣው፤ ከአካባቢው ለብቻው ነው ዩኒቨርሲቲ ያለፈው። ቤተሰቡ በግ አርዶ ነው የሸኘው። መጀመሪያው ሚድ ላይ ሒሳብ አቃተው። ደነገጠ። ሲኒየሮች «ቅመህ አጥና፣ ይገባሃል» አሉት።

ቤቱን አሳይተውኛል። ከግቢያችን ብዙ አይርቅም። ፍራሽ ዙሪያውን ተነጥፏል፣ መሐል ላይ ለውዝ፣ ውሃ፣ ኮካ፣ የከሰል ጭስ። መስኮቱ በመጋረጃ ስለተሸፈነ ቀኑ መምሸቱን አታውቂም። ሁሉም ሃንድአውቱን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ላይ እውነት ነው፣ ያነባሉ። ከዚያ ምርቃና፣ የጫቱ ሞቅታ፣ ሲገባ ወሬ ይጀመራል። ስለ ቢዝነስ፣ ስለ ውጭ አገር፣ ስለሚሠሩት ፎቅ። ያ ልጅ እስክሪብቶ ይዞ አንዱን ገጽ ላይ ታች እያሰመረ እንደተቀመጠ ነበር፤ ገጹ በሙሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኗል። አልገለጠውም። ስንወጣ ግን «ዛሬ ቻፕተሩን ጨረስኩት» ብሎኛል፤ ከልቡ ነው ያለው። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር የገባህ ይመስልሃል።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ስለዚህ ጨብሲ፣ ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ፣ ይመጣል። ቢራ፣ ብር ካነሰ አረቄ። ጠዋት ክላስ ያመልጣል። ያመለጠውን ለማካካስ ደግሞ እንደገና መቃም። በዚህ መሐል ነው ፓርቲው የሚመጣው፤ ዌልካሙ፣ ልደቱ፣ የጂሲዎቹ (የተመራቂዎቹ)። አሁን ደግሞ ሰዓት እላፊ ሲኖር ቀን ላይ ቤት ተዘግቶ ይጨፈራል። እዚያ ጋንጃም ይዞራል፣ ክኒንም ይዞራል። የጠጣ ሰው የሚሰጡትን አያጣራም።

ልጁ በሴሚስተሩ መጨረሻ ነጥቡ ከ2.00 በታች ወረደ። ዋርኒንግ ደረሰው። ለቤተሰቡ አልተናገረም። በሁለተኛው ተባረረ። አገሩ ግን አልተመለሰም። በግ አርደው ለሸኙት ሰዎች ምን ብሎ ይመለሳል? አሁንም ከተማው ውስጥ ነው። አንዳንዴ ፒያሳ አገኘዋለሁ፤ ሰላም ብሎኝ ቶሎ ያልፋል።

አባ ወራ ከአዘዞ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። እሱም አባቱን እጅግ የሚፈራ ልጅ ነበር። ፍርሃቱ ከጫቱ አላዳነውም። ችግሩን ለቤቱ እንዳይናገር ግን አደረገው።

ፋርማሲስት ነኝ

ሁላችሁም ስለ ጫቱ ነው የምታወሩት። እኔን ያስጨነቀኝ ያ ማሸጊያ ነው።

ትራማዶል የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም። ከሞርፊን ወገን የሆነ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ። ወጣቶቹ የሚፈልጉት ስለሚያዝናናቸው፣ ድካምና ጭንቀት ስለሚያስረሳቸው ነው። ሰውነት ይለምደዋል፣ የበፊቱ መጠን አይበቃም፣ ይጨመራል። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ሊያንፈራግጥ ይችላል፤ ከዚህ በፊት ምንም ያልነበረበትን ልጅም ጭምር። ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽን ያዘገማል፣ ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ከጫት በኋላ ጨብሲ፣ ከጨብሲ ጋር ክኒን የሚወስድ ልጅ ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ።

ስለዚህ ከምንም በፊት ስንት ጊዜ እንደወሰደ፣ በቀን ስንት እንደሆነና መቼ እንደጀመረ ጠይቂው። አልፎ አልፎ ከሆነ አሁኑኑ ያቁም። በየቀኑ ለሳምንታት ሲወስድ ከቆየ ግን በራሱ ድንገት አያቁም፤ ላብ፣ ቁርጥማት፣ እረፍት ማጣት ያመጣበታል። ሐኪም ጋ ይሂድና ቀስ በቀስ ይቀንስ።

ለሁላችሁም፦ ፓርቲ ላይ አንድ ልጅ ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ብላችሁ ጥላችሁት እንዳትሄዱ። በጎኑ አስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው። ለማስመለስ ብላችሁ ጣት አትክተቱ፣ ወተት አትጋቱት። ከአጠገቡ ሳትለዩ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ እውነቱን ተናገሩ። ማሸጊያው ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ሄዋን 19

እኔ የምጽፈው ስለ ሴቶቹ ነው። እዚህ ማንም አላነሳንም።

12ኛ ስንጨርስ ከለር ደይ አለ። ቲሸርት እናሠራለን፣ ቀለም እንቀባባለን፣ ጓደኞቻችን ቲሸርታችን ላይ ይጽፉልናል። ደስ የሚል ቀን ነው፤ እኔ ቲሸርቴን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ችግሩ ከሱ በኋላ ያለው ነው። «አፍተር አለ፣ የእገሌ ቤት ነው፣ ቤተሰቦቹ የሉም» ይባላል። ቀን 8 ሰዓት ነው። ቤት ስትናገሪ «ከለር ደይ ነኝ» ነው የምትይው፣ ማንም አይጠራጠርም። እዚያ ስትደርሺ ወንዶቹ ካንቺ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ከክፍልሽ ያልሆኑ፣ የግቢ ተማሪ ነን የሚሉ፣ መኪና ያላቸው። አልጠጣም ስትይ «ፋራ» ትባያለሽ። ጁስ ነው ብለው የሚሰጡሽ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂም።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ ውል ነበረን። አብረን ገብተን አብረን እንወጣለን። ራሳችን ያልከፈትነውን አንጠጣም። አንዳችን «እናቴ ደወለች» ካለች፣ ምንም ጥያቄ የለም፣ ሦስታችንም ጫማችንን እናደርጋለን። ይህንን ውል ያወጣችልን የአንዷ ታላቅ እህት ናት። «አትሂዱ» አላለችንም። «ከሄዳችሁ እንዲህ አድርጉ፣ ከከፋም በየትኛውም ሰዓት ደውሉልኝ፣ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ፣ አልቆጣችሁም» ነው ያለችን። አንድ ቀን ደወልንላት። መጣች። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረችንም። የማራኪዋ እህት፣ ወንድምሽ እንዲህ ደፍሮ የሚደውልለት ሰው ያስፈልገዋል። አሁን ባየሁት ያ ሰው አንቺ ነሽ።

አባ ወራ ከአዘዞ

ልጄ ሄዋን፣ እግዜር ይባርክሽ። ስለ ውሉ የጻፍሽውን ለልጄ አሳይቻታለሁ።

ከሦስተኛ ዓመቱ ልጅ ጋር ግን አልስማማም። ቁጥጥር ያስፈልጋል። እናንተ ስለ ልጁ ብቻ ነው የምትነጋገሩት፤ የሚሸጥለትስ? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆም አልኮልም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ እንዴት ነው ታዲያ በጠራራ ፀሐይ ቢራ የሚቀዳለት? ጫትን የሚከለክል የአገር ሕግ የለም፣ ይገባኛል። ትምህርት ቤት አጥር ሥር ፍራሽ ተዘርግቶ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲገባ ግን ሰፈሩ ዝም ማለት አለበት? እኛ ሰፈር ወላጆች ተሰባስበን ባለቤቷን ሄደን አነጋገርናት። እሷም የልጆች እናት ናት። ዩኒፎርም የለበሰ አላስገባም ብላ ቃል ገብታለች፣ እስካሁን ጠብቃዋለች። ቀበሌም ሳንሄድ ነው። ይህም ሥራ ነው፤ ሁሉም በምክር አይሆንም።

ኬሚስትሪ አስተማሪ

ጋሼ፣ ይህን እኛም ትምህርት ቤት ላይ እናንሳው። ወላጅ ኮሚቴ አለን፤ ስብሰባው ግን ስለ አጥርና ስለ ወንበር ብቻ ሆኖ ነው የሚያልቀው።

የማራኪዋ እህት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ቁጭ ብለን አወራን። ትራማዶሉን የወሰደው ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሆነ፣ በየቀኑ እንዳልሆነ ነገረኝ። የቀረውን ሰጠኝ። ስለ ፈተናው ሳምንት መምህሩ የጻፉትን ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየ፤ አላሰበውም ነበር።

ጫቱን ግን «እስከ ፈተናው ሁለት ወር ልጨርስና አቆማለሁ» ነው የሚለኝ። «ካቆምኩ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ የሚያልቅ አይደለም ቻፕተሩ» ይላል። ምን ልበለው? ደግሞ አንድ ነገር አስፈራኝ፤ ሌሊት ላይ አንዳንዴ ሰው ስሙን የሚጠራው ይመስለዋል።

የአእምሮ ጤና ነርስ

ይህን የመጨረሻውን በማንሳትሽ በጣም ጥሩ አድርገሻል። እንቅልፍ ያጣና የሚቅም ወጣት ላይ ዱካክ የምንለው ይመጣል፤ ቅዠት፣ ድምፅ መስማት፣ ሰው የሚከታተለው መምሰል። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ሲስተካከልና ጫቱ ሲቆም ይጠፋል። አንዳንዱ ላይ ግን የከበደ የአእምሮ ሕመም መነሻ ይሆናል፤ በተለይ በዘር ካለ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ባለሙያ ይየው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ለወጣት ልጅ ነውር የሌለበት ቦታ ነው። ድምፁ በቀን ከመጣ፣ ወይም ራሴን እጎዳለሁ የሚል ቃል ካወጣ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ውሰጂው።

አሁን ስለ ሁለት ወሩ። የጫት ማነቃቂያ ካቲኖን ይባላል፤ ከአምፌታሚን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚበላሽ ነው በኮባ ተጠቅልሎ ትኩሱን የሚሸጠው። ልብን ያስመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቀን ያነበብነው ጭንቅላት ውስጥ የሚጸናው ግን ተኝተን ነው። በሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚደርስ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን አድሮ ያነበበ ልጅ የሚያነበው ይጨምራል፣ የሚያስታውሰው ይቀንሳል።

ቢያቆም ምን ይሆናል? የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱታል። ይተኛል፣ ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሃራራው ይመጣል፣ ቅዠትም አለ። እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለት ወር እያለ ቢያቆም ይህ ሁሉ አልፎለት ነው ፈተና የሚገባው። ያኔ የሚያቆም ከሆነ ግን አስተማሪው ያሉት ይደርስበታል። ምርጫውን እንደዚህ አቅርቢለት፣ ራሱ ያስላው።

በነዚያ ቀናት ከባድ ትምህርት አትጠብቂበት። ቁርስ ይብላ። ቀን ላይ ይራመድ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚቅምበት ሰዓት ስለሆነ ያንን ሰዓት ባዶ አታድርጊው፤ ኳስ፣ ዘመድ ቤት፣ የምትሠሩት ሥራ። የመቃሚያ ጓደኞቹን በአንድ ቀን ተዋቸው ብትይው አይሆንም፤ ሌላ አብሮት የሚያጠና ሰው ይኑረው። እናትሽ ጸበል ይሂድ ካሉም ይሂድ። የንስሐ አባቱ የሚሰማቸው ሰው ከሆኑ ትልቅ አጋዥ ናቸው። ሕክምናውን ግን አያስቀረውም።

እማማ ጣይቱ ሰፈር

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ አልጽፍም፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ለአባቱ ንገሩት። ሲነገረው ግን እናቱ ወይም አንድ የሚያከብረው ሽማግሌ ይኑር። ልጁ በሌለበት። አባት መጀመሪያ ይቆጣል፣ ማደሩ ነው የሚያበርደው። ያደረ ቁጣ ምክር ይሰማል።

ኬሚስትሪ አስተማሪ

እማማ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ልጨምር የምፈልገው ለአባትየው የሚነገረውን ነው፤ የልጁ ፍርሃት የመጣው ከዚያ ስለሆነ።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ሃምሳ አላመጣም። ይህ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው? የኛ ክልል ልጆች ደግሞ ትምህርት እየተቋረጠባቸው፣ መንገድ እየተዘጋባቸው ነው የተፈተኑት። «ሃምሳ ካላመጣህ ልጄ አይደለህም» የሚል ስሜት ቤት ውስጥ ካለ፣ ልጁ ያገኘውን ቅጠልም ክኒንም ቢይዝ አይገርመኝም።

ሪሚዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ አለ። ሃምሳ ያልሞላላቸው ግን የተቀመጠውን ነጥብ ያመጡ ልጆች በሱ ገብተው፣ አልፈው፣ ዛሬ ዲግሪያቸውን እየተማሩ ያሉ ተማሪዎች አሉኝ። ቴክኒክና ሙያ አለ። ኤሌክትሪክ ተምሮ ከኔ የተሻለ የሚያገኝ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ እናቱን ይጦራል። እነዚህን መንገዶች አባትየው በራሱ አፍ ለልጁ ቢነግረው፣ ልጁ ሌሊት መተኛት ይችላል። አንቺ ወይም እኔ ብንነግረው ያንን ያህል አይሠራም።

ከፈለጋችሁ ለአባትሽ እኔ ልደውልላቸው። አስተማሪ ሲያናግራቸው ይሻል ይሆናል። የልጁን ሱስ ሳላነሳ ስለ ፈተናውና ስለ አማራጮቹ ብቻ አወራቸዋለሁ፤ የቀረውን እናንተ በሰዓቱ ትነግሯቸዋላችሁ።

የማራኪዋ እህት

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይደውሉላቸው። ስልካቸውን በግል ልኬልዎታለሁ። ለእናቴ ዛሬ ነገርኳት፤ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ አጥሚቱን ትታ ሥጋ ወጥ ሠራችለት። ሆስፒታል ሰኞ አብሬው እሄዳለሁ። «ካንቺ ጋር ከሆነ እሺ» ብሏል። ጫቱን ስለማቆም ግን «አስብበታለሁ» ከማለት አላለፈም። አሁን የቸገረኝ አብሮት የሚያጠና ሰው ነው። የክፍል ጓደኞቹ ያው የሚቅሙት ናቸው።

ሦስተኛ ዓመት

እኔ አለሁ። ቅዳሜ ከ7 ሰዓት በኋላ ክላስ የለኝም። እኛ ጋ ሁለት የ12ኛ ክፍል ልጆችን ማስጠናት ጀምረናል፤ ሦስተኛ ይሁን። የምናጠናው ጓደኛዬ ቤት ነው፣ እናቱ ቤት ናቸው፣ ቡናም አለ። ያለፉት ዓመታት የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄዎች አሉን፣ እሱ ደብተሩን ብቻ ይዞ ይምጣ። ስልኩን በግል ላኪልኝ፣ ማታ እደውልለታለሁ። ከሒሳብ የትኛው ምዕራፍ እንደከበደው ቀድሞ ይጻፍልኝ፤ ከሱ እንጀምራለን።